ፎቶሾፕ በምን ቋንቋ ይለመናል?

ጥቅምት ሲገባ ባኮ ላይ ሁለት ነገር ይደርሳል፤ በቆሎና የተማሪ መታወቂያ። የበቆሎው ጭንቅ የገበሬው ነው፤ የመታወቂያው የእኔ።

ባኮን ለማያውቅ መንገዱን ልንገር። ከአዲስ አበባ በነቀምቴ መንገድ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛሉ። አምቦ ላይ አምቦ ውሃ ጠጥተው ያገሳሉ፤ ጌዶ ላይ ጋቢ ያምርዎታል፤ ቁልቁለቱን ወርደው ጋቢውን መሸከም ሲሰለችዎ ባኮ ደርሰዋል። ከተማችን ትንሽ ናት፤ ስሟ ግን በብዙ አገር ማሳ ላይ ይበቅላል። ገበሬው «ቢኤች-660» እያለ የሚዘራው በቆሎ፣ «ቢኤች» ሲል «ባኮ ሃይብሪድ» ማለቱ ነው። ከከተማዋ አጠገብ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ዘሩን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1993 ሲሆን፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ታናሹን ቢኤች-540ን አስከተለ። ታላቁ ለመድረስ 160 ቀን ገደማ ይፈልጋል፤ ታናሹ ወደ 145። ታላቁ ከፍ ወዳለው ወይና ደጋ ያደላል፤ ታናሹ ዝቅ ያለውንም ይችላል። ስለዚህ እኛ ዘንድ ሕፃን እንኳ «የትኛው ዘር ይሻላል?» ተብሎ ቢጠየቅ መጀመሪያ «መሬቱ የት ነው?» ይላል።

ይህን ያነሳሁት በአገሬ ለመኩራት ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ኋላ ላይ ስለሚያሳፍረኝ ነው።

ሥራዬ መናኸሪያው አካባቢ ባለች አንዲት ጠባብ ቤት ውስጥ ነው። በሯ ላይ «ኮምፒውተር ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ጉርድ ፎቶ፣ የሠርግ ካርድ፣ ባነር፣ ማኅተም» ተብሎ ተጽፏል። ሌላም እንሠራለን፤ በሩ ስላለቀ ነው። ውስጥ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ማተሚያ፣ አንድ የላሚኔት ማሽንና አንድ ልጅ አሉ። ከአራቱ የማይበላሸው ልጁ ነው።

ባለፈው ጥቅምት መጀመሪያ ላይ አንድ ትምህርት ቤት 640 የተማሪ መታወቂያ አዘዘን። ፎቶ ያለው፣ ስሙ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም የተጻፈበት፣ በሦስት ሳምንት የሚደርስ። ስም ዝርዝሩን በፍላሽ አመጡልኝ፤ ቀብድም ከፈሉ። ቀብዱ በዚያው ሳምንት ቀለም ሆነ።

አንዱን ካርድ ለመሥራት ፎቶውን ከፍቶ መቁረጥ፣ ካርዱ ላይ ማስቀመጥ፣ ስሙን በሁለቱም ፊደል መጻፍ፣ ክፍሉን፣ የትውልድ ቀኑንና ቁጥሩን መሙላት፣ ከዚያ በተማሪው ስም ሴቭ ማድረግ ነው። እጅ ከፈጠነ ሦስት ደቂቃ። ሦስት ደቂቃ በ640 ሲባዛ 1,920 ደቂቃ፤ ማለትም 32 ሰዓት። በቀን ስምንት ሰዓት ብንሠራ አራት ቀን። ይህችን አራት ቀን አንባቢ ይያዝልኝ፤ ኋላ እጠይቀዋለሁ።

አርባኛው ካርድ ላይ አንድ ወንድም የእህቱን ፎቶ ይዞ ወጣ። ልጁ ባያይልኝ ኖሮ ታትሞ ነበር። «ጋሼ፣ ይሄ ተማሪ ጉትቻ አድርጓል» አለኝ በትሕትና። እጄን ከአይጡ ላይ አነሳሁና ለሰው ልጅ ሁሉ የሚጠቅም ነገር እንዳገኘ ሰው ወንበሬ ላይ ተደገፍኩ። ይህን ሥራ ማሽኑ ራሱ ይሥራው! እኔ ፕሮግራም እጽፋለሁ፤ ፎቶሾፕ ያነባል፤ 640ው ካርድ ቡና እየጠጣሁ ይወርዳል። አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ ፕሮግራሙን በምን ቋንቋ ልጻፈው?

ከደጃፌ ጀበና ቡና የምትሸጥ ጎረቤት አለችኝ። በርጩማዎቿ ላይ የማይዳኝ ጉዳይ የለም። የእኔንም እዚያው አቀረብኩት።

አቦሉ ላይ የተናገረው በቅርቡ ከዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ወጣት ነው። «ፓይተን!» አለ፤ ክርክሩን በአንድ ቃል የዘጋ መሰለው። እኔ ስሙ ዘንዶ ማለት መስሎኝ ደንገጥ አልኩ። ለካ ፈጣሪው ጊዶ ቫን ሮስም ስሙን የወሰደው ሞንቲ ፓይተን ከሚባሉ የእንግሊዝ ኮሜዲያን ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ወጥቶ ዛሬ ሁሉም ቦታ ገብቷል። ብሌንደር በእሱ ይታዘዛል፣ ፍሪካድ በእሱ ይታዘዛል። «ሲነበብ እንደ ሰው ቋንቋ ነው» አለኝ። ፎቶሾፕስ በእሱ ይታዘዛል ወይ? ብዬ አልጠየቅኩትም። የሚያሳፍረኝ የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው።

ቶናው ላይ ፕላን ሠሪው ደረሰ። ሰውየው ከከተማችን ግማሽ የሚሆነውን ቤት በአውቶካድ ነድፏል፤ ጣሪያ ሲያፈስ ሰው የሚረግመው ግን አናጢውን ነው። «ከሊስፕ ወዲያ ቋንቋ የለም» አለ። ሊስፕ እ.ኤ.አ. በ1958 ጆን ማካርቲ ያፈለቀው አዛውንት ቋንቋ ነው። አውቶካድ በ1982 ተወልዶ በአራተኛ ዓመቱ አውቶሊስፕ ብሎ አስገባው፤ እስከ ዛሬም አላስወጣውም። ፕላን ሠሪያችን ከ15 ዓመት በፊት ቁራሽ ወረቀት ላይ የገለበጣትን አሥር መስመር አሁንም ይዟታል፤ አንድ ጊዜ ይጠራታል፣ የቦታውን ማዕዘኖች ሁሉ ቁጥር እየሰጠች ትጨርሳለች። ችግሩ ቅንፍ ነው። ሊስፕ ሲጻፍ ቅንፍ ይከፈታል፣ በውስጡ ሌላ ይከፈታል፣ በውስጡ ሌላ፤ መጨረሻ ላይ የሚዘጋው ቅንፍ ብዛት የቄስ እማኝ ሳይፈልግ አይቀርም። «አንዷን ከረሳህ?» አልኩት። «ያን ለታ እራት አትበላም» አለኝ።

በረካው ላይ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ሒሳብ ሠራተኛ ቪቢኤን አመጣ። እሱ ከኤክሴል ወጥቶ አያውቅም፤ ሚስቱንም ሲያጭ ሠንጠረዥ ሠርቶ ነበር ይባላል። «ኮረልድሮውም ቪቢኤ ይሰማል፤ ፎቶሾፑን ትተህ ካርዱን እዚያ ለምን አትሠራውም?» አለ። ይህ ፕላን ሠሪውን አስቆጣው። «ቪቢኤ! አውቶካድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1997 ሲገባ አይቼዋለሁ። በ2010ሩ አውቶካድ ደግሞ ከዋናው ፕሮግራም ወጥቶ በልመና የሚወርድ ሲሆን አይቼዋለሁ። ሲገባም ሲወጣም አይቼዋለሁ!» ሒሳብ ሠራተኛው ተቀየመ። ቡና ሻጯ አራተኛ ዙር አፈላች፤ ከክርክሩ ያተረፈች እሷ ብቻ ነበረች።

ማታ ደግሞ አዲስ አበባ ያለው የእህቴ ልጅ ደወለ። «አጎቴ፣ ይሄን ነገር በሲ ሻርፕ ካልሠራኸው ስምህን አታንሳ» አለኝ። ስሜን እንዲያነሳልኝ ለአንድ ሳምንት ያህል ሲ ሻርፕ አጠናሁ።

«ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት» ይባላል። እኔን ግን ገበያ አውጥተው ቦርሳዬን አስይዘው ጥለውኝ ሄዱ። ኔትወርክ ሻል የሚለው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ስለሆነ፣ ሌሊት ሌሊት የቋንቋዎቹን ንጽጽር አነብ ነበር። የትኛው ፈጣን እንደሆነ፣ የትኛው ውብ እንደሆነ፣ የትኛው ጥሩ ደመወዝ እንደሚያስገኝ አወቅኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ አነበብኩ፤ አንድ መስመር አልጻፍኩም። ልጁ ቀን ቀን ሰው ያስተናግዳል፣ ኮፒ ያደርጋል፣ እኔን አየት አድርጎ ዝም ይላል። አንድ ቀን ጠዋት «ጋሼ፣ እስከዚያው ትንሽ ትንሽ በእጅ ልሥራ እንዴ?» አለኝ። «ተው፣ ቀልጣፋ መፍትሔ እየመጣ ነው» አልኩት። ይህን ስናገር ሳላፍር ነበር።

በዚያው ቀን አንድ አዛውንት ገቡ። ነጭ ጋቢ፣ ረጅም ዘንግ፣ ጥበብ የሞላው ፊት። ወግ ጸሐፊ ብሆን ኖሮ አልኩ በልቤ፣ እኚህ ሰውዬ አሁን ስለ ዘርና ስለ መሬት አንድ ምሳሌ ይነግሩኛል፣ ዓይኔ ይገለጣል፣ ወጉም ያልቃል። ወንበር ሰጠኋቸው፤ ጭንቀቴን ትንሽ ፍንጭ ሰጠኋቸው፤ ጠበቅኩ።

«ልጄ» አሉ።

«አቤት ኦቦ።»

«ጉርድ ፎቶ ስንት ነው?»

ነገርኳቸው። ተወደደባቸው፤ ተከራከርን፤ ቀነስኩላቸው። ተቀምጠው ጋቢያቸውን እያስተካከሉ «በል እንግዲህ፣ መብራት ሳይሄድ አንሣኝ» አሉ። አነሳኋቸው፤ ሄዱ። ምሳሌ የለ፣ ምን የለ። አዘንኩባቸው።

ዓይኔ የተገለጠው በዚያ ሌሊት የፎቶሾፕን የፕሮግራም መመሪያ ስከፍት ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰው ሁሉ ተጠይቋል፤ ፎቶሾፕን የጠየቀው ግን አልነበረም። ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ጥሎሽ ተቆርጦ፣ ሙሽራዋ ማን እንደሆነች ያልታወቀበት ሠርግ ማለት ይህ ነው። መመሪያው መጀመሪያ ገጾቹ ላይ ነገሩን ግልጥልጥ አድርጎታል። ፎቶሾፕ የሚሰማቸው የስክሪፕት ቋንቋዎች ሦስት ናቸው፤ አፕልስክሪፕት፣ ቪቢስክሪፕትና ጃቫስክሪፕት።

ሦስትም ምርጫ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ከዚያ መንገድ ዳር ምግብ ቤት የገባሁ መሰለኝ።

«ምን አለ?»

«ጥብስ፣ ቅቅል፣ ዱለት፣ ቋንጣ ፍርፍር፣ ሽሮ።»

«ጥብስ ይሁንልኝ።»

«ጥብስ አልቋል።»

«እሺ ቅቅል።»

«እሱ የቅዳሜ ነው።»

«ታዲያ ምንድነው ያለው?»

«ሽሮ።»

አፕልስክሪፕት የሚሠራው ማክ በሚባለው ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው፤ እኔ ቤት እንኳን ማክ፣ ለማክ የሚበቃ ጠረጴዛም የለም። ቪቢስክሪፕት በዊንዶውስ ይሠራል፤ ግን ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2023 ጡረታ እንደሚያወጣው አስታውቋል፤ ሊቀበር ከተቃረበ ሰው ጋር ቋንቋ መማር አይመከርም። ፓይተንና ሲ ሻርፕም በዊንዶውስ በኩል አስተርጓሚ ቆሞላቸው ከፎቶሾፕ ጋር መነጋገር ይችላሉ። ነገር ግን ፍርድ ቤት የቆመ ሰው ያውቀዋል፤ በአስተርጓሚ የተነገረ ነገር ሲሳሳት ጥፋቱ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ስለዚህ የቀረው ጃቫስክሪፕት ነው። ሽሮ።

ሽሮን አልናቅኩም። ጃቫስክሪፕትን ብሬንዳን አይክ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1995 ኔትስኬፕ ለተባለው ድርጅት በ10 ቀን ውስጥ ነው የሠራው። በ10 ቀን እኛ አንድ የሠርግ ካርድ ላይ የሙሽራውን አያት ስም አስተካክለን አንጨርስም። ያኔ የዘር ነገር ትዝ አለኝ፤ ፊቴም ጋለ። ቢኤች-660 ይበልጣል ወይስ ቢኤች-540 ተብሎ ቡና ላይ ቢከራከሩ ስንስቅባቸው የኖርን ሰዎች ነን፤ ዘሩ የሚመረጠው በከፍታውና በዝናቡ ነው። ፕላን ሠሪውም ቢሆን ሊስፕን አልመረጠውም። አውቶካድ ሊስፕ ይሰማል፣ እሱም ሊስፕ ይናገራል፣ አለቀ። እኔ ግን ባኮ ተቀምጬ መሬቱን ሳላይ ስለ ዘር ሁለት ሳምንት አነበብኩ።

ቋንቋው ከታወቀ ሥራው ቀላል ይሆናል ብዬ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

በመጀመሪያ፣ የእኔ ፎቶሾፕ የሚሰማው ጃቫስክሪፕት የዛሬው አይደለም። ለአዳዲሶቹ ፎቶሾፖች ዘመናዊ በር ተከፍቶላቸዋል፤ የእኔ ኮምፒውተር ግን የሚሸከመው የድሮውን ነው። የድሮው እ.ኤ.አ. በ1999 በጸደቀው የቋንቋው ደንብ ላይ ቆሟል። ከስልኬ ላይ የገለበጥኩት የዘንድሮ ኮድ ሁሉ አልገባ አለው። ለአያት በዘንድሮ አራዳ ቋንቋ «እንዴት ነው ፍሬንድ» እንደማለት ነው፤ ቃሉ አማርኛ ይመስላል፣ አያት ግን ዱላ ያነሳሉ። ፎቶሾፕም «ስህተት 21» ብሎ ዱላ አነሳ። ትርጉሙ «ያልተገለጸ ነገር ዕቃ አይደለም» ማለት ነው። የቅኔ መምህር ቢናገረው ደብተር ላይ እንጽፈው ነበር፤ ኮምፒውተር ሲናገረው ግን ጠረጴዛ ያስመታል።

አያትን በአያት ቋንቋ ማነጋገር ለመድኩና 640ውን ስም ኮዱ ውስጥ ለጠፍኩ። እያንዳንዱን ስም በነጠላ ጥቅስ መካከል። አስነሳሁት፤ ገና ከመነሻው ሞተ። መስመሩን ስፈልግ ናኦል የሚባል ተማሪ ላይ ደረስኩ። አፋን ኦሮሞ እ.ኤ.አ. ከ1991 ወዲህ በቁቤ ይጻፋል፤ በቁቤ ደግሞ ናኦል ሲጻፍ መካከሉ ላይ አንዲት ጭረት ትገባለች፤ ሁዻ ትባላለች፤ ድምፁን ቆረጥ አድርጎ ለማስነሳት ነው። ይህች ሁዻ ለኮምፒውተሩ ነጠላ ጥቅስ ሆና ታየችው። ስሙ «ና» ላይ አልቆ ጥቅሱ ተዘጋ፤ የቀረው «ኦል» ሜዳ ላይ ቀረ። አንድ ልጅ በአንዲት ጭረት ምክንያት 639 ጓደኞቹን አስቆመ። ክፍል ውስጥም እንዲህ ያለ ልጅ አይጠፋም።

ስሞቹን ከኮዱ አውጥቼ ለብቻቸው በፋይል አስቀመጥኳቸው፤ ኤክሴል ላይ ሠርቼ፣ በነጠላ ሰረዝ በሚለየው ዓይነት ሴቭ አድርጌ። እንደገና አስነሳሁት። አሁን አልሞተም። አንደኛው ካርድ ወጣ፣ ሁለተኛው ወጣ፣ ሦስተኛው፤ ልጁን ጠራሁት፤ ቡና ሻጯም በበሩ አንገቷን አስገባች። ልጁ ስክሪኑን አየና «ጋሼ፣ ሁሉም ስማቸው አንድ ነው እንዴ?» አለኝ። ቁቤው በቦታው አለ፤ በአማርኛው ቦታ ግን ከላይ እስከ ታች የተደረደረው የጥያቄ ምልክት ነው። ሰላማዊት አምስት ጥያቄ ምልክት። ብርሃኑ አራት ጥያቄ ምልክት። የአገር ተስፋ የሆነ ትውልድ በሙሉ ጥያቄ ሆነ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእኛ ፊደል ለኮምፒውተር ዓለም በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ነው፤ ከዚያ ወዲህ «ሀ» የራሱ ቁጥር አለው፣ «ለ»ም የራሱ። ኤክሴል ግን ፋይሉን በተለመደው መንገድ ሴቭ ሲያደርግ የላቲኑን ፊደል ብቻ በሚያውቅ የጥንት ሣጥን ውስጥ ይከተዋል፤ ያ ሣጥን የማያውቀውን ፊደል ሁሉ «ይሄ ደግሞ ምንድነው?» ብሎ በጥያቄ ምልክት ይለውጠዋል። መድኃኒቱ ሴቭ ሲደረግ «ዩቲኤፍ-8» የሚለውን መምረጥ፣ ስክሪፕቱም ፋይሉን በዚያው እንዲያነብ መንገር ነው። ሁለት ቃል። ሁለቷን ቃል ለማግኘት ሁለት ሌሊት። የትኛውም ንጽጽር ላይ «ይህ ቋንቋ ሰላማዊትን ያውቃል ወይ?» የሚል ረድፍ አልነበረም።

ስሞቹ ሲመጡ ደግሞ ካርዱ ጠበበ። ፊደላችን ቆጣቢ ነው፤ ቁቤ ለጋስ ነው። ጫላ በፊደል ሁለት ነው፤ በቁቤ ስድስት። ጥላሁን በፊደል አራት፣ በቁቤ ስምንት። ገመቺስ በፊደል አራት፣ በቁቤ አሥር! አናባቢው ሲረዝም ሁለት ጊዜ ይጻፋል፣ ሲጠብቅም ተነባቢው ይደገማል፤ ያ ትክክል ነው፣ ሲያነቡት አያሳስትም። ግን ገመቺስ የሚባል ልጅ አባቱም አያቱም እንደዚያው ረጃጅም ከሆኑ፣ ስሙ ከካርዱ ወጥቶ ወደ ጎረቤት ካርድ ይሻገራል። በእጅ ስንሠራ ይህ ችግር መሆኑንም አናውቀውም ነበር፤ ዓይን ያያል፣ እጅ ያሳንሳል። ማሽን ግን ካልነገሩት አያፍርም። ስለዚህ ነገርኩት፤ ስሙን ጻፍ፣ ስፋቱን ለካ፣ ከካርዱ ካለፈ ፊደሉን ትንሽ አሳንስ፣ እንደገና ለካ።

መጨረሻ ላይ የትውልድ ቀን መጣ። ቀኑን አሳምሮ እንዲጽፍልኝ ለጃቫስክሪፕት የቀን አስሊ አስረከብኩት። ሰውየው ወር የሚቆጥረው ከዜሮ ነው፤ ይህንን ተላመድኩ። ያልተላመድኩት የፈረንጅ ካሌንደር ልቡ ውስጥ መኖሩን ነው። ጥቅምት 30 ቀን 2001 የተወለደውን ልጅ ኅዳር 2 አደረገው፤ ሁለተኛው ወር ለእሱ 28 ቀን ነውና። ጳጉሜን 3 ቀን 2001 የተወለደችዋ ደግሞ መስከረም 3 ቀን 2002 ተወለደች ተባለ። 13ኛ ወር ሲሰጡት አይቆጣም፣ አይከራከርም፤ ዝም ብሎ ወደሚቀጥለው ዓመት ያሳልፈዋል። የስህተት መልእክት እንኳ የለውም። ስህተት 21 ናፈቀኝ። የዚያችን ልጅ እናት አሰብኳቸው፤ ጳጉሜን ዝናብ ላይ ያማጡትን ምጥ በመስከረም አደይ ቢያጌጡላቸው ደስ አይላቸውም። የቀን አስሊውን አሰናበትኩት። ቀኑን እንዲያሰላ ሳይሆን እንደተጻፈ እንዲገለብጥ አዘዝኩት። አሥራ ሦስት ወር ያለው ሕዝብ ከአስተዋይ ማሽን ይልቅ ታዛዥ ማሽን ይሻለዋል።

ማስረከቢያው ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው ስክሪፕቱ ተጠናቀቀ። ሰባ ምናምን መስመር። ልጁ ከጎኔ ቆሞ የፎቶሾፕን ሜኑ ዝም ብሎ እየከፈተ ሲያይ፣

«ጋሼ፣ ይሄ ‹ቫሪያብልስ› የሚለው ምንድነው?» አለኝ።

«ምኑ?»

«ኢሜጅ የሚለው ስር። ከፋይል ላይ ስምና ፎቶ እያነሳ ካርዱ ላይ ይተካል ይላል። ኮድ አይፈልግም ይላል።»

አየሁት። እውነቱን ነው። ያለ ምንም ቋንቋ፣ ስሙ የሚገባበትን ቦታ ያሳዩታል፣ ፋይሉን ይሰጡታል፣ በየተራ ያወጣዋል። እዚያው ሜኑ ውስጥ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከተቀመጥኩበት ወንበር ፊት ለፊት ነበር። እንደምንም ድምፄን አስተካክዬ «ይሄ እኮ ረጃጅም ስሞችን ማሳነስ አይችልም» አልኩት። ይህም እውነት ነው።

ልጁ አሰበ። «ረጃጅሞቹ ስንት ናቸው ጋሼ?»

ቆጠርኳቸው። 23 ናቸው።

«እነሱን በእጅ ብናሳንሳቸውስ?»

«ይሄ» አልኩት፣ «የመርህ ጉዳይ ነው።» ልጁ መርህ ምን እንደሆነ አልጠየቀኝም። ጨዋ ነው ብያችኋለሁ።

ስክሪፕቱን አስነሳሁት። ካርዶቹ ይወርዱ ጀመር፤ ጫላ፣ ሰላማዊት፣ ናኦል ከነሁዻው፣ ገመቺስ ልክ በመስመሩ ውስጥ ትንሽ ጎንበስ ብሎ፣ የጳጉሜኗም ልጅ በጳጉሜኗ። ቡና ሻጯ እልል አለች። ተመራቂው «በፓይተን ቢሆን ይፈጥን ነበር» አለ። ፕላን ሠሪው ኮዱን አጎንብሶ አየና «ቅንፉ ያንሳል» አለ። መቶ አለፍን፤ ሁለት መቶ አለፍን፤ 212ኛው ካርድ ላይ መብራት ሄደ።

ጨለማው ውስጥ የማንም ድምፅ አልተሰማም። ከዚያ አንድ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ፤ «በል እንግዲህ፣ መብራት ሳይሄድ አንሣኝ።» በዚህ ጉዳይ ሁሉ ላይ ከተሰጠኝ ምክር መሬቱን ያየ እሱ ብቻ ነበር። እኔ ግን ምሳሌ ነበር የጠበቅኩት።

መብራት እኩለ ሌሊት ላይ መጣ። ስክሪፕቱን ሳስነሳው ከአንድ ጀመረ፤ አስቆምኩት፤ አንድ መስመር ጨመርኩ፤ «ካርዱ ቀድሞ ከተሠራ እለፈው።» ከሰባ ምናምኑ መስመር ሁሉ የምኮራባት እሷ ናት፤ ባኮ ላይ የተጻፈች ናትና። መብራት የማይሄድበት አገር ያለ ፕሮግራመር ትዝ አትለውም። ከንጋቱ በፊት 640ው ካርድ አለቀ፤ ጠዋት ላሚኔት ተደርጎ በቀኑ ተረከቡ።

አሁን አንባቢ ያቺን አራት ቀን ይመልስልኝ። በእጅ አራት ቀን፤ በማሽን ሦስት ሳምንት። በዚህ ሒሳብ ማሽኑ ዕዳውን የሚከፍለው፣ ትምህርት ቤቱ በየዓመቱ ካዘዘንና ኮምፒውተሩ ዕድሜ ከሰጠው፣ በአምስተኛው ዓመት ገደማ ነው። ይህን ሒሳብ ለልጁ አላሳየሁትም፤ የራሱን ሳይሠራ ግን አይቀርም።

ሆኖም አንድ ነገር ተርፎልኛል። ጊዜዬን ያጠፋሁት ቋንቋ በመምረጥ ነው፤ ሥራው የነበረው ግን ስም ላይ ነው። ቋንቋውን እኔ አልመረጥኩትም፤ ፎቶሾፕ ድሮ መርጦ ጨርሷል። እኔ ብቻ የማውቃቸው ሁዻ፣ የገመቺስ ርዝመት፣ የሰላማዊት ፊደል፣ ጳጉሜንና የባኮ መብራት ናቸው። እነዚህን በሊስፕም በፓይተንም ቢሆን የሚነግረው ሰው ያስፈልግ ነበር። ዘንድሮ ትእዛዙ ሲመጣ ከእነሱ እጀምራለሁ፤ ቋንቋውን ግን ለቡናው እተወዋለሁ፤ ቡና ሻጯም ትብላ።

ካርዶቹ ባለቁበት ጠዋት በሬን ስከፍት አዛውንቱ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ነበር። ፎቷቸውን ሊወስዱ መጥተዋል፤ ካነሳኋቸው አንድ ሳምንት አልፎ በመታወቂያው ጣጣ ረስቼዋለሁ። አላተምኩትም።

«ይቅርታ ኦቦ፣ አሁኑኑ አትማለሁ» አልኩ እየተጣደፍኩ።

ወደ አምፖሉ ቀና ብለው አዩ። «አለ?» አሉኝ።

«አለ።»

«በል ቶሎ በል።»